ከሣጥኑ ይልቅ ለዲስኩ፦ የቤት ሰርቨር በቁጠባ

የሂሳብ መዝገቡ፣ የጉምሩክ ሰነዱ፣ የኪራይ ውሉና የሠርጉ ቪዲዮ በአንድ ላፕቶፕ ብቻ ተከማችቶ የሚያድርበት ቤት በአዲስ አበባ ጥቂት አይደለም። ላፕቶፑ የተሰረቀ ወይም ዲስኩ የተበላሸ ዕለት ኪሣራው የዕቃው ዋጋ ብቻ አይሆንም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ለሚል ነጋዴ መፍትሔው አነስተኛ የቤት ሰርቨር ነው። ሰነዱን በመጠባበቂያ ይይዛል፤ ማታ ደግሞ ፊልሙንና ፎቶግራፉን ለቤቱ ቴሌቪዥን ያቀርባል።

የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ አዲስ ኮምፒዩተር በብር ሲሰላ እጅግ ተወድዷል። ስለዚህ ዓይን የሚያርፈው ባገለገለው ዕቃ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በአመዛኙ ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር አይቀበልም። በዚህም ምክንያት ደህና የሚሠሩ ሰባተኛ ጀነሬሽን ማሽኖች ከቢሮ እየወጡ ነው። ለቢሮው ያረጀው ዕቃ ግን ለሰርቨር አላረጀም። ሊኑክስ ያለ ችግር ይሠራበታል፤ ኦፕንሚዲያቮልትና ጄሊፊን የተባሉት ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። በ4ኬ ጥራት የተቀረጸ ፊልም በብዛት የሚታሸግበትን ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲ የሚፈታ ቪዲዮ ክፍልም ከሰባተኛው ጀነሬሽን ጀምሮ ፕሮሰሰሩ ውስጥ አለ። ኮር አይ 3 ወይም አይ 5 ከ8 ጂቢ ራም ጋር ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ሻጩ አይ 7 ነው ብሎ ቢያስወድድ ገዢው መቸኮል የለበትም።

ቅርጹ ግን ወሳኝ ነው። ትንንሾቹ ሚኒ ኮምፒዩተሮች ያምራሉ፤ ሁለት ትላልቅ ዲስኮች ግን አይችሉም። ታወር መርጦ፣ ክዳኑን አስከፍቶ የዲስኩን ቦታ መቁጠር ይሻላል።

ከዳታ ሴንተር የወጣ ርካሽ ሰርቨርም ያጓጓል፤ ወጪው የሚመጣው ግን ኋላ ነው። 150 ዋት የሚወስድ ማሽን ቀን ከሌት ሲሠራ በወር 108 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ 20 ዋት የሚወስደው ግን 14 ገደማ ብቻ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚወደድ በመሆኑ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

በሣጥኑ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ ለዲስክ መዋል አለበት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ዌስተርን ዲጂታል አንዳንድ «ሬድ» ዲስኮቹ ትራኮችን እየደራረበ በሚጽፈው ኤስኤምአር ዘዴ የተሠሩ መሆናቸውን አምኗል። ይህ ዘዴ ተከታታይ ጽሕፈት ሲበዛ ይዘገያል። ስለዚህ «ሬድ ፕላስ» ወይም የሲጌት «አይረንዎልፍ» ይመረጣል። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች የአገልግሎት ሰዓታቸው ተሰርዞ በአውሮፓ ገበያ እንደ አዲስ ሲሸጡ ተገኝተዋል። ገዢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የመለያ ቁጥሩን ከአምራቹ የዋስትና መዝገብ ጋር ማስተያየት፣ የዲስኩንም የጤና መረጃ ማስነበብ ይገባዋል።

ቀጥሎ ዩፒኤስ ነው። ዲስኩ እየጻፈ መብራት ድንገት ከጠፋ ፋይል ይበላሻል። በዩኤስቢ ገመድ ተገናኝቶ ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሩን በሥርዓት የሚያጠፋው ዓይነት ይሻላል። ያገለገለ ከሆነ የባትሪውን ዕድሜ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመጨረሻም ብዙዎችን የሚያታልል ነገር አለ። ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት መረጃ እንዲይዙ ማድረግ አንዱ ሲበላሽ ሥራው እንዳይቋረጥ ይረዳል እንጂ መጠባበቂያ አይደለም። በስህተት የተሰረዘ ውል ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሰረዛል፤ ሌባም ሣጥኑን ከነዲስኮቹ ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛ ቅጂ በውጫዊ ዲስክ ተገልብጦ በሱቅ ወይም በዘመድ ቤት ይቀመጥ፤ በየሳምንቱም ይታደስ። በጀቱ ካልበቃ የሚቀነሰው ፕሮሰሰሩ ነው እንጂ ይህ ሦስተኛው ዲስክ አይደለም።