መስከረም ላይ ጓሮ ሲታይ

በነፍሳት ሙያ ላይ እንደሚሠራ ሰው ለኮልፌ ቀራንዮ ጎረቤቶቼ የምመክረው አለ፦ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትሞቅ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ጓሮ ውጡ። ነፍሳት ሙቀታቸውን የሚያገኙት ከአካባቢያቸው ስለሆነ በማለዳው የደጋ ብርድ ብዙም አይንቀሳቀሱም።

✔ አደይ አበባ ላይ፦ ንብ የሚመስለው ሁሉ ንብ አይደለም። ንብ 4 ክንፍ አላት። 2 ክንፍ ብቻ ያለውና አየር ላይ ቀጥ ብሎ የሚያንዣብበው የንብ መልክ ያለው ዝንብ ነው፤ አይናደፍም።

✔ የጎመን ቅጠል ሥር፦ ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው ክምችት ክሽክሽ ነው፤ የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጣል። መድኃኒት ለመርጨት ግን አትቸኩሉ። ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛና እጮቿ ክሽክሽ ይበላሉ፤ አበባው ላይ ካያችሁት ዝንብ ወገን የብዙዎቹ እጭም እንዲሁ። መርዙ እነሱንም ይፈጃል።

✔ ግድግዳ ላይ፦ ሸረሪት ከነፍሳት አትመደብም፤ አንቴናም ክንፍም የላትም። ድር አድርታ ከማጥመድ ይልቅ ዘልላ የምታድን ዓይነትም አለች፤ ከፊት 2 ትላልቅ ዓይኖቿ ይለዩዋታል።

ልጆችን እግር አስቆጥሯቸው፦ 6 ከሆነ ነፍሳት፣ 8 ከሆነ የሸረሪት ወገን። እናንተ ጓሮ ምን አለ? ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ።