ዶዮገና ላይ የተነሳ ጥያቄ፣ አትላንታ ላይ የተገኘ መልስ

በከምባታና በሐዲያ፣ በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ ሰዎች ተገናኝተው ስለ ተማሪነታቸው ሲጫወቱ «ፒስኮር» የሚለው ስም ሳይነሳ አይቀርም። ዶዮገና ውስጥ አንድ ጡረተኛ መምህር ቤት፣ ቆጮው ከአይብና ከጎመን ጋር ቀርቦ፣ ወሬያችን እዚያው ደረሰ። አዛውንቱ እጃቸውን ታጥበው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞር አሉና «አንተ እንግዲህ መጽሐፍ ታገላብጣለህ፤ እነዚያን ሁሉ ልጆች እየመራ ያመጣቸው ሰውዬ ማን ነበር? ምን አጥቶስ ነው አገሩን ጥሎ የመጣው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም «ጋሼ፣ ፈልጌ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ፍለጋው ግን ከጠበቅኩት በላይ ሩቅ ወሰደኝ።

የመጀመሪያው ፍንጭ አዲስ አበባ ነው። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ላይ ወደ 280 የሚጠጉ አሜሪካውያን ኢትዮጵያ ገቡ። ሕዝቡ «ፒስኮር» ያላቸው እነሱን ነው፤ በወረቀት ስማቸው የሰላም ጓድ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ድርጅቱን ካቋቋመው ገና ሁለት ዓመት አልሞላም። አብዛኞቹ በቅርቡ ከኮሌጅ የወጡ ወጣቶች ሲሆኑ ሥልጠናቸውን የወሰዱት ዋሽንግተን በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ነው። እነሱ በየከተማው ሲደለደሉ በአገሪቱ የነበረው የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ቁጥር በእጥፍ ገደማ አደገ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ያኔ ግዮን ትባል በነበረችው ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ፣ ኋላ የማሳቹሴትስ ሴናተር ሆኗል።

የእነዚህ ወጣቶች አለቃ የ36 ዓመቱ ሃሪስ ዎፎርድ ይባላል። አዲስ አበባ የመጣው ከትምህርት ቢሮ ወይም ከኤምባሲ አልነበረም። የመጣው ከኋይት ሐውስ ነው፤ እዚያም የኬኔዲ የዜጎች መብት ልዩ ረዳት ነበር። ነጭ ሆኖ ሳለ ሕግ ያጠናው የጥቁሮች በሆነው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከእሱ በፊት ሐኪሙ ዶክተር መላኩ በያን በተማሩበት በዚያው ተቋም። ወደ ሕንድ ተጉዞም የጋንዲን ትግል አጥንቷል። የጋሼ ጥያቄ ክብደት የገባኝ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው፣ የአሜሪካ ጥቁሮች ትግል በተፋፋመበት ሰዓት፣ ከፕሬዚዳንቱ ጎን ተነስቶ ምን ሊሠራ አዲስ አበባ መጣ?

የመልሱ አንድ ክፍል ብዕር ነው። ኬኔዲ በምርጫ ዘመቻው፣ መንግሥት በሚደግፋቸው ቤቶች የሚፈጸመውን የዘር አድልዎ ፕሬዚዳንቱ በአንድ ፊርማ ሊያስቀረው እንደሚችል ተናግሮ ነበር። ተመረጠ፤ ወራት አለፉ፤ ፊርማው ግን አልመጣም። ሰዎች ተናደዱና «ብዕር ቸግሮህ ከሆነ ይኸውልህ» በሚል መንፈስ በፖስታ ብዕር ይልኩለት ጀመር። ብዕሮቹ የሚቆለሉት ዎፎርድ ቢሮ ውስጥ ነበር። የደቡብ ነጮችን ድምፅ ላለማጣት የሚደረገው ማመንታት ዎፎርድን አሰለቸው። አፍሪካን ደግሞ ይወዳት ነበር። ኬኔዲ በመጨረሻ ኅዳር 11 ቀን 1955 ዓ.ም. ትእዛዙን ሲፈርም ዎፎርድ ኢትዮጵያ ውስጥ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞረ ነበር።

ሁለተኛውና ዋናው ክፍል፣ ሰውየው ማን እንደነበር የሚያሳየው፣ አንዲት የስልክ ጥሪ ናት። ስለ እሷ ዎፎርድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት 1953 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ዘንድ የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ሊሞከር ሁለት ወር ሲቀረው ማለት ነው። ጥቅምት 9 ቀን አትላንታ ከተማ ውስጥ ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተማሪዎች ጋር ሪችስ በተባለ ትልቅ መደብር ገባ። በመደብሩ ምግብ ቤት ጥቁርና ነጭ አብሮ አይመገብም ነበር። አናስተናግድም ተባሉ፤ አንወጣም አሉ፤ ታሰሩ። የከተማዋ ከንቲባ ዊሊያም ሃርትስፊልድ ሽምግልና ገብቶ ተማሪዎቹ ተፈቱ። ኪንግ ግን አልተፈታም። ወደ ጆርጂያ ከተዛወረ በኋላ በሚያዝያ ወር በአላባማ መንጃ ፈቃድ ሲያሽከረክር ተይዞ 25 ዶላር ተቀጥቶ፣ በገደብ ተለቆ ነበር። ጎረቤት አውራጃ ያለው ዳኛ ኦስካር ሚቸል «ገደቡን ጥሰሃል» ብሎ የአራት ወር ከባድ የጉልበት ሥራ ፈረደበት። ጥቅምት 16 ቀን ሌሊት ኪንግን ከተኛበት ቀስቅሰው፣ እጁንና እግሩን በሰንሰለት አስረው፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደሚገኘው ሪድስቪል ወህኒ ወሰዱት። በዚያ ዘመን በደቡቡ ክፍል አንድ ጥቁር እስረኛ በጨለማ ተወስዶ ወዴት እንደሚደርስ ቤተሰቡ ጠንቅቆ ያውቃል። ባለቤቱ ኮሬታ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በጭንቀት ለሚያውቁት ሰው ደወለች፤ ሰውየው ዎፎርድ ነበር።

ያኔ በኬኔዲ የምርጫ ዘመቻ ውስጥ ይሠራ የነበረው ዎፎርድና የሥራ ባልደረባው፣ ጥቁሩ ጋዜጠኛ ሉዊስ ማርቲን፣ ምን እናድርግ ብለው ተመካከሩ። መግለጫ ማውጣት ነጮችን ያስቆጣል፤ ዝም ማለት ደግሞ ነውር ነው። በመጨረሻ የመጣላቸው ሐሳብ የአገር ቤት ሰው ቶሎ የሚገባው ነው፦ ኬኔዲ ለኮሬታ ደውሎ «አይዞሽ» ይበላት። ችግር የደረሰባትን ሴት ማጽናናት ፖለቲካ አይባልም። ሐሳቡን ቺካጎ ለነበረው የኬኔዲ የእህት ባል ለሳርጀንት ሽራይቨር በስልክ ነገሩት። ሽራይቨር ኬኔዲ ወዳረፈበት የአየር ማረፊያ ሆቴል ሄደ፤ ግን ወዲያው አልተናገረም። አማካሪዎቹ ቢሰሙ እንደሚከለክሉት ያውቃልና አንዱ ንግግር ሊያርም፣ ሌላው ጋዜጠኞች ሊያነጋግር እስኪወጡ ጠበቀ። ክፍሉ ጭር ሲል ነገረው። ኬኔዲ «ቁጥሯን አምጣ» አለ። ንግግራቸው ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ወንድሙ ሮበርት ኬኔዲ ይህን ሲሰማ ደም ፍላቱ መጣ። ዎፎርድንና ማርቲንን «ምርጫውን አበላሻችሁት» ብሎ ወረደባቸው። ከዚያ ደግሞ እሱ ራሱ ለዳኛ ሚቸል ደወለ። ጥቅምት 17 ቀን ኪንግ በ2,000 ዶላር ዋስ ተለቀቀ። የኪንግ አባት ባፕቲስት ፓስተር ሲሆኑ ካቶሊክ አልመርጥም ብለው ለተቀናቃኙ ለኒክሰን ሊሰጡ ያሰቡትን ድምፅ ለኬኔዲ እንደሚሰጡ በይፋ ተናገሩ። እነዎፎርድ ታሪኩን በአንዲት ሰማያዊ በራሪ ወረቀት አትመው ወደ ሁለት ሚሊዮን ቅጂ በየጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን በተኑ። ጥቅምት 29 ቀን ምርጫው ሲደረግ ከ68 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ በሁለቱ ተወዳዳሪዎች መካከል የነበረው ልዩነት ከ120 ሺህ በታች ነበር። በኢሊኖይ ግዛት ልዩነቱ 9 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። እዚያ የጥቁሮች ድምፅ ባይታከልበት ኖሮ ግዛቱ ለኬኔዲ አይወጣም ነበር።

አሜሪካውያን ይህን ታሪክ ለረጅም ዘመን እንዲህ ብለው ሲነግሩ ኖረዋል፦ አንዱ ወንድም ከርኅራኄ ደወለ፣ ሌላው ወንድም ከቁጣ ደወለ፣ ዳኛው ለቀቀ። እኔም ለጋሼ ይዤላቸው የምሄደው መልስ ይኸው መሰለኝ። ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ልቤ አልረጋም። በጆርጂያ አንድ የዘር መለያየት ደጋፊ ዳኛ፣ በምርጫ ሰሞን፣ ከሰሜን በመጣ የአንድ ወጣት ስልክ ብቻ ውሳኔውን እንዴት ያጥፋል? ከዚህም ሌላ የሮበርት ረዳት የነበረው ጆን ሲገንታለር መጀመሪያ ለጋዜጠኞች «ሮበርት አልደወለም» ብሎ አስተባብሎ ነበር፤ ኋላ ሮበርት ራሱ ደውያለሁ ሲለው ደነገጠ። የቅርብ ሰዎቹም ሙሉውን አያውቁም ነበር ማለት ነው።

ይህንን ክፍተት የሞላው ክሊፎርድ ኩን የተባለ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ምሁር ነው። ኩን የቃል ታሪክ አጥኚ ነበር፤ በሕይወት ያሉትን ሰዎች ፈልጎ፣ ቁጭ ብሎ፣ ድምፃቸውን ይቀዳ፣ ሌሎች የቀዱትንም ያመሳክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተመው ጥናት ከተለመደው ታሪክ ጀርባ ሌላ ታሪክ አወጣ። የጆርጂያ ገዥ የነበረው ኧርነስት ቫንዲቨር በአደባባይ የዘር መለያየት ጠበቃ ነበር፤ ኬኔዲ ለኮሬታ መደወሉንም በይፋ ያወገዘ ሰው ነው። ዕድሜው ከገፋ በኋላ ግን በሆዱ ይዞት የኖረውን አወጣው። በዚያው ሰሞን ኬኔዲ ለእሱም በማለዳ ደውሎ ኪንግን ለማስፈታት እርዳኝ ብሎት ነበር። ቫንዲቨር በዘመድና በወዳጅ በኩል የግዛቱ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ጸሐፊ ጆርጅ ስቱዋርትን ያዘ፤ ስቱዋርት ደግሞ የዳኛ ሚቸል ወዳጅ ነበር። ዳኛው ፈቃደኛ ሆነ፤ ሽፋን ግን ፈለገ፤ ከኬኔዲዎች አንዱ ራሱ ደውሎ ይጠይቀኝ አለ። በቁጣ የመጣ የተባለው የሮበርት ስልክ እንግዲህ መንገዱ ከተጠረገ በኋላ የተደወለ ነበር።

ኩን በዚህ አላበቃም፤ ወደ ተማሪዎቹም ሄደ። የተማሪዎቹ መሪ ሎኒ ኪንግ፣ ከማርቲን ሉተር ጋር ዝምድና የሌለው ሰው፣ ቀኑ በአጋጣሚ እንዳልተመረጠ ተናገረ። ምርጫው ሳምንታት ሲቀሩት ትልቁ ኪንግ አብሯቸው ቢታሰር ተወዳዳሪዎቹ አቋማቸውን ለመግለጽ እንደሚገደዱ አስልተው ነበር። ኪንግ ሲያመነታ የገፋፉት እነሱ ናቸው። እንግዲህ ታሪኩን ያስጀመሩት በሪችስ መደብር በር ላይ የቆሙት የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ለአንባቢ እስኪቀርብ 37 ዓመት ፈጅቷል።

በእኔ እምነት ይህ የዎፎርድን ዋጋ አያሳንሰውም። በዝግ በር ጀርባ የተደረገው ድርድር ኪንግን ከወህኒ አወጣው፤ ለኮሬታ የተደወለው ስልክ ግን ለሕዝብ በግልጽ የታየው አጋርነት ነበር፤ ድምፅ ያስገኘውም እሱ ነው። ዎፎርድ የተሸከመው ጥያቄ አዲስ አበባም ተከትሎታል። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሊመሠርቱ አዲስ አበባ ሲሰበሰቡ፣ አላባማ በርሚንግሃም ውስጥ ፖሊስ በጥቁር ሕፃናት ላይ ውሻና የውኃ ቧንቧ መልቀቁ ገና ትኩስ ወሬ ነበር። የኡጋንዳው ሚልተን ኦቦቴ ከዚያው ከጉባኤው ለኬኔዲ ግልጽ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። ዎፎርድ በ1956 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በተከታዩ ዓመት በአላባማ ከሰልማ በተነሳው የመብት ሰልፍ ላይ ከኪንግ ጋር ተጓዘ። ኋላ የፔንሲልቫኒያ ሴናተር ሆነ። ያረፈው ጥር 13 ቀን 2011 ዓ.ም. ሲሆን ዕለቱ አሜሪካ የኪንግን በዓል የምታከብርበት ነበር።

ጋሼን ተመልሼ አገኘኋቸውና ይህን ሁሉ አጫወትኳቸው። ጸጥ ብለው አዳመጡኝና «እኛንስ ማን ጠየቀን?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ስለ ፒስኮር አብዛኛውን የጻፉት መምህራኑ ራሳቸው ናቸው። ተማሪው ምን እንዳየ፣ ከምባታ ደጋ ላይ ካለ የእንሰት ጓሮ ተነስቶ ወደ አውራጃው ዋና ከተማ ሆሳዕና ትምህርት ፍለጋ የወረደ ልጅ ከባዕድ መምህር ምን እንደተማረና ምን እንዳልተቀበለ፣ ከዓመታት በኋላም ተማሪዎች ፒስኮር ይውጣልን ብለው ሲነሱ በውስጡ ምን እንደተሰማው ያልተጻፈ ብዙ ነው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በየአውራጃው የላካቸው የራሳችን ልጆች ታሪክም እንደዚሁ ነው። ቫንዲቨር ሳይናገር ቢሞት ኖሮ አሜሪካውያን ዛሬም ግማሹን ታሪክ እንደ ሙሉ ይዘው ይኖሩ ነበር።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የምታጠኑ ተማሪዎች፣ በዶዮገና፣ በዱራሜና በሆሳዕና የምታስተምሩ መምህራን፣ አደራ። ስልካችሁ ላይ መቅጃ አለ። አባቶቻችሁና እናቶቻችሁ ዘንድ ሂዱ፤ ስማቸውን፣ ቀኑንና ቦታውን አስነግራችሁ ቅዱ፤ አንዱ የተናገረውን ከሌላው ጋር አመሳክሩ፤ ቅጂውን ለቤተ መጻሕፍት አስረክቡ። በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው ዛሬ ሰባውን አልፏል፤ ለዚህ ሥራ የቀረን ጊዜ አጭር ነው።