ታቃፊዋ ትታው የተነሣችው እንቁላል

በባሌ ደጋ፣ ሮቤም ሆነ ጎባ፣ ዶሮ ያስታቀፈ ሰው 21ኛውን ቀን በጉጉት ይቆጥራል። ጫጩቶቹ ወጥተው ግን ጭዱ ላይ ሁለት ሦስት እንቁላል ሳይፈለፈል ይቀራል። ወዲያው አይጣል፤ በደጋ ብርድ ዶሮዋ ለጥሬ በተነሣች ቁጥር እንቁላሉ ስለሚቀዘቅዝ ፍልፈላው አንድ ሁለት ቀን ሊዘገይ ይችላል። ቀድመው የወጡትን፣ ላባቸው ሲደርቅ፣ ሙቅ ቦታ በካርቶን ማቆየት እናቲቱ ይዛቸው እንዳትነሣ ያደርጋል። ከ23ኛው ቀን በኋላ ግን መጠበቅ ትርፉ ግማት ነው። የገማ እንቁላል እዚያው ፈንድቶ ሌላውን ይበክላል።

የቀረውን ከቤት ራቅ ብሎ መስበር ይጠቅማል። አስኳሉ እንዳለ፣ ምንም ሳይጀምር ከተገኘ አውራ ዶሮ አላገኘውም፤ ወይም ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሞቷል። ቀይ የደም ቀለበት ከታየ ጽንሱ በመጀመሪያው ሳምንት ሞቷል፤ ብዙ ጊዜ ከ10 ቀን በላይ ተከማችቶ የታቀፈ እንቁላል እንዲህ ይሆናል። ላባ ያወጣ ጫጩት ቅርፊቱ ውስጥ ሞቶ ሲገኝ ደግሞ ብርድ፣ ድርቀት ወይም የአየር እጥረት መጠርጠር አለበት።

ከፍታው እዚህ ላይ ይመጣል። ሮቤ ወደ 2500 ሜትር ትጠጋለች፣ ጎባ ከ2700 ታልፋለች። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ጽንሱ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የእንቁላሉ ውኃም በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ቶሎ ይተናል። ደጋ ያደገች ዶሮ የምትጥለው እንቁላል ግን ውኃ በቀላሉ የማያስወጣ ቅርፊት አለው። ስለዚህ ከደሎ መና ቆላ የመጣን እንቁላል ከማስታቀፍ የጎረቤት እንቁላል ይመረጣል።

በ7ኛው ቀን ማታ በስልክ ባትሪ እንቁላሉን አስደግፎ ማየት ብዙ ድካም ያስቀራል። ባዶ ሆኖ የሚያበራው ይወጣል፤ የደም ሥር የሚታይበት ይመለሳል። የወጣውን ለሰው ምግብ ማድረግ አይገባም፤ ውሻ እንቁላል እንዳይለምድም በጥልቅ ይቀበር።

ኮካቲየል የምትባለውን የአውስትራሊያ በቀቀን በቤት የሚያረቡ ሰዎች ግን ያልተፈለፈለውን እንቁላል ቶሎ አያነሡባትም፤ ካነሡባት ሌላ ጥላ አቅሟን ትጨርሳለችና። የእኛ ዶሮ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ አንድም ካልተፈለፈለላት ቶሎ ከጎጆዋ መነሣት አለባት። ቁልቁል መስቀል ወይም ላባ በአፍንጫዋ ማሳለፍ የቆየ ልማድ ነው፤ ጭካኔ እንጂ መድኃኒት አይመስለኝም። ጭድ በሌለው ነፋሻ ቆጥ ውስጥ፣ ውኃና ጥሬ እየተሰጣት ጥቂት ቀን ብትቆይ መታቀፉን ትተዋለች።