የጀርመንኛ ግሥ ቤቱ የት ነው?

«ኤር ፌርት ዴን ባውም ኡም» ያለ ጀርመናዊ፣ አንድ ሰው ዛፉን በመኪና ገጭቶ እንደጣለው እየተናገረ ነው። «ኤር ኡምፌርት ዴን ባውም» ካለ ግን ሰውየው ዛፉን ዞሮ አልፎታል፤ ዛፉም መኪናውም ደህና ናቸው። ቃላቱ ያው ናቸው። ልዩነቱ «ኡም» የምትባለው ቁራጭ በመጀመሪያው ከግሡ ተነጥላ መጨረሻ ላይ መቅረቷ፣ በሁለተኛው ደግሞ ከግሡ ጋር መጣበቋ ነው። መዝገበ ቃላት ቢገለጥ ሁለቱም ግሦች «ኡምፋረን» ተብለው በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፈዋል።

በዩኒቨርሲቲ ጀርመንኛን የሚያጠና ተማሪ ሥነ አገባብና ሥነ ፍቺን ይማራል። የመጀመሪያው የቃላትን አሰካክ፣ ሁለተኛው ትርጉምን ይመረምራል። ከላይ ያለው ዛፍ እንደሚያሳየው ግን ሁለቱን ነጥሎ መረዳት ይከብዳል።

ትልቁ እንቆቅልሽ የግሡ ቦታ ነው። «ሆይተ ሌዘ ኢሽ አይን ቡኽ» (ዛሬ መጽሐፍ አነባለሁ) ሲባል «ሌዘ» የሚለው ግሥ ሁለተኛ ቦታ ላይ ተቀምጧል። «ዳስ» የሚለው አያያዥ ሲገባ ግን «ዳስ ኢሽ ሆይተ አይን ቡኽ ሌዘ» ይሆንና ግሡ ጓዙን ይዞ መጨረሻ ላይ ይሰፍራል። ታዲያ ዋናው ቦታው የትኛው ነው? የቋንቋ ሊቁ ማንፍሬድ ቢርቪሽ በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ ጀርመንኛ ግሥ ባሳተመው መጽሐፍ መልሱ መጨረሻው ነው አለ፤ ሁለተኛው ቦታ ግሡ ከቤቱ ተነሥቶ የሚሄድበት ነው። እኔን በጣም የሚያሳምነኝ ማስረጃ ያቺው ተነጣይ «ኡም» ናት። ግሡ ወደ ፊት ሲሄድ እሷ እቤት ትቀራለች፤ ቤቱ የት እንደነበረም ትጠቁማለች። ሁለት ዓመት ገደማ የሆናቸው የጀርመን ሕፃናትም ያልተረባውን ግሥ መጨረሻ ላይ አድርገው «ባል ሀበን» (ኳስ መያዝ) ይላሉ፤ በባለቤቱ የተረባውን ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ፊት ያመጡታል። ሥርዓቱን ማንም ሳያስተምራቸው ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ባዕድ አይደለም። የእኛ ሰዋስው የመጨረሻውን ግሥ «ማሰሪያ አንቀጽ» ይለዋል፤ እሱ እስኪመጣ አረፍተ ነገሩ አይታሰርም። ጀርመኖች ደግሞ ሁለት ቦታ ላይ ያስሩታል፤ አንዱን ጫፍ ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ። ስሙንም «ዛትስክላመር»፣ የአረፍተ ነገር ቅንፍ፣ ብለውታል። ተሳቢን በማመልከትም እንቀራረባለን። «ዴን ሁንት ባይስት ዴር ማን» ቃል በቃል «ውሻውን ሰውየው ይነክሰዋል» ነው፤ «ዴን» የእኛን «ን» ሥራ ስለሚሠራ ውሻው ቀድሞ ቢመጣም ተነካሹ እሱው ነው። ይህ ምልክት ግን ለወንዴ ስሞች እንጂ ለሴቴና ለግዑዝ ፆታ ስሞች በነጠላ አይታይም፤ ሁለቱም ስሞች እንዲህ ምልክት አልባ ሲሆኑ ትርጉሙን ብዙውን ጊዜ ዐውዱ ይፈታዋል።

ብዙ ጀማሪ «ኢሽ ሌዘ አይን ቡኽ» የሚለውን ይዞ ይነሣና «ሆይተ ኢሽ ሌዘ» እያለ ይሳሳታል። ጀርመንኛ የምትማሩ ወይም የምታስተምሩ ወገኖች፣ እስቲ አንድ ጊዜ ከ«ዳስ» አረፍተ ነገር ጀምሩ። ረጅም ጽሑፍ ሲገጥማችሁም በአማርኛ እንደለመዳችሁት መጨረሻውን ጠብቁ፤ ማሰሪያው እዚያ ነው።