የቦታ ወረቀቷን ገልብጬ

ዝርያቸውን እንድለይ ከባሕር ጠረፍ አሸዋ የተለቀሙ ጥንዚዛዎች ሲላኩልኝ፣ የተገኙበት ቦታ የተጻፈበትን ወረቀት ገልብጬ አስቀምጣለሁ። የማነበው መጨረሻ ላይ ነው።

ይህን ልማድ ያስያዘችኝ ዴሜትሪያስ ሞኖስቲግማ የምትባል ጥንዚዛ ናት። በብሪታንያ ጠረፍ የአሸዋ ክምሩን በሥሩ አስሮ የሚይዝ፣ ማራም የሚባል ረጅም ሳር አለ፤ መኖሪያዋ እዚያ ውስጥ ነው። ቁመቷ 5 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። በብርዱ ወራት የሳሩን እግር ፈልቅቀው ነጭ ትሪ ላይ ሲያራግፉት መጀመሪያ የሚታየው አሸዋና ደረቅ ቅጠል ብቻ ነው። ትንሽ ሲታገሡ ግን ከቅጠሉ መሃል አንዲት ቀጭን ቢጫ ነገር ተነሥታ ትሮጣለች።

በማይክሮስኮፕ ስትታይ ራሷ ጥቁር፣ ደረቷ ቀላ ያለ፣ ጠንካራው የላይ ክንፏ ፈዛዛ ቢጫ ነው። ክንፉ ጫፉ ላይ ቁርጥ ስለሚል የሆዷ መጨረሻ ብቅ ይላል። እኔን ሁሌም የሚያስደንቀኝ እግሯ ነው፦ ጥፍሯ ካለበት አንጓ በፊት ያለችው አንጓ ለሁለት የተከፈለች ናት፣ ጥፍሮቿም እንደ መጋዝ ጥርስ አላቸው። ሳር ላይ ለመውጣት የተመቸ እግር ነው።

ችግሩ እህቷ ዴሜትሪያስ አትሪካፒሉስም እንዲሁ መሆኗ ነው። እርሷ በየሜዳውና በየእርሻው ዳር ሳር ውስጥ ትገኛለች፤ ማራም ውስጥም አትጠፋም። ሞኖስቲግማን የሚለያት ሁለቱ ክንፎች በሚገጥሙበት መስመር ላይ፣ ወደ ኋላ ያለው ጠቆር ያለ ነጥብ ነው። ገና ከሙሽሬዋ በወጣች፣ ቀለሟ ባልበሰለ ጥንዚዛ ላይ ደግሞ ነጥቡ እምብዛም አይታይም። «ከአሸዋ ነው የመጣችው፣ ስለዚህ ሞኖስቲግማ ናት» የሚባለው ይሄኔ ነው። ያ ስም የዝርያዋ መገኛ ካርታ ላይ ይሰፍራል፤ ቀጣዩ ሰው ካርታውን አይቶ ስም ይሰጣል። ግምታችን ዞሮ ማስረጃ ሆኖ ይመጣል። ሞኖስቲግማ ከባሕር ርቀው በሚገኙ የምሥራቅ እንግሊዝ ረግረጎችም አለች። ይህ የታወቀው ያገኟት ሰዎች ቦታውን ትተው ነጥቡን ስላዩ ነው፤ በቦታው ቢፈርዱማ አትሪካፒሉስ ብለው በዘጉት ነበር።

ነጥቡ ካልለየልኝ «ዴሜትሪያስ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብዬ እጽፋለሁ። በነፋስ ተንበርክኮ ለለቀመ ሰው ይህ እንደሚከፋው አውቃለሁ። ስለዚህ ለቃሚዎቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ከዚያው ከአንዱ የሳር እግር ሁለት ሦስቱን አብራችሁ ላኩልኝ፤ ቀለሟ የበሰለች አንዷ ከተገኘች ቢያንስ እርሷን በስሟ እመዘግባታለሁ።