ኑዛዜ፦ ሁለት ፍች ያለው አንድ ቃል

በአገራችን ሞት የማይጠራበት ማዕድ የለም ማለት ይቻላል። እንግዳ እጁን ከገበታው ሲሰበስብ እናት «በሞቴ!» ትላለች፤ «አፈር ስሆን፣ አንዲት ጉርሻ» ብላ ትጨምራለች። የሚምለው «እኔ ልሙት» ይላል፤ የሚያባብለው «ልሙትልህ» ይላል። እንዲህ ምላሳችን ላይ የቀለለው ሞት ግን አንድ ሰው ረጋ ብሎ «እኔ ስሞት እንዲህ አድርጉ» ማለት ሲጀምር ቤቱን ያስደነግጠዋል። «አታሟርት! ምን ሆነህ ነው?» ብለን አፉን እናስይዘዋለን። የራሳችንን ሞት ለመሐላና ለልመና እናውለዋለን፤ ቁጭ ብሎ ለመነጋገር ሲሆን ግን እንሸሸዋለን። እዚህ ላይ ልከራከርለት የምፈልገው ነገር አንድ ነው። ሞትን ማሰብ ብቻውን ሰውን አያበስልም፤ ያስፈራዋል፣ አንዳንዴም ያከፋዋል። ራስን መመርመርም ብቻውን ቁስልን ከመነካካት አያልፍም። ነፍስ የምታድገው ሁለቱ ሲጋጠሙ ነው። አባቶቻችን ይህን ያውቁት እንደነበር የላስታ ዋሻዎች ይመሰክራሉ፤ በቋንቋችን ውስጥ ያለ አንድ ቃልም ይመሰክራል።

ቃሉ ኑዛዜ ነው። ሰው ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ ሲናገር «ተናዘዘ» ይባላል። ከሞቱ በኋላ ንብረቱ ለማን እንደሚሆን ሲናገርም «ተናዘዘ» ይባላል። ይህ የቃላት ድህነት አይመስለኝም። በቀድሞው ኑሮ ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙት በአንድ መኝታ ዳር ነበርና። የነፍስ አባት በደሉን ለብቻው ከሰማ በኋላ ሽማግሎችና ዘመዶች ይገባሉ፤ ያበደረው፣ የተበደረው፣ አደራ የያዘው ይቆጠራል፤ የተቀየመው ሰው ይጠራል፤ መሬቱና ከብቱ ይደለደላል፤ ቄሱም ለቃሉ ምስክር ይሆናል። በደልን መቁጠርና ዕዳን መቁጠር አንድ ሥራ ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ አድርጎ ሥርዓት አስይዞታል፤ ለውርስ ጠብ ይህ መልካም መድኃኒት ነው። ዛሬ ግን ለከተማ ሰው ኑዛዜ ሲባል አስቀድሞ የሚታየው ፍርድ ቤት ነው። የቃሉ ግማሽ ለሕግ ተሰጠ፣ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ቀረ፤ በመካከል ሁለቱን አንድ ያደረገው ሐሳብ ተረሳ። ሐሳቡም እንደምሞት ሳውቅ ማን እንደሆንኩ ለመናገር እገደዳለሁ፣ ማን እንደሆንኩ ስናገር ደግሞ ሞቱ ያስፈራኝ የነበረውን ያህል አያስፈራኝም የሚል ነው።

ሌላው ምስክር የላስታ ዋሻዎች ናቸው። ከላሊበላ ከተማ ወደ ደቡብ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ቢኬድ ነአኩቶ ለአብ ይገኛል። እንደ ላሊበላዎቹ ከአለት የተፈለፈለ ሕንፃ አይደለም፤ ገደሉ ጎንበስ ብሎ ጣሪያ በሆነበት ዋሻ ሥር የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ዝናብ በሌለበት ወራትም አያቆምም። ከጠብታዎቹ ሥር የተቦረቦሩ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ አፋቸው በዘመን ብዛት ለስልሷል። ውሃው በእነሱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ጸበል ይሆናል፣ ምእመኑ ይጠጣዋል፣ ፊቱን ይቀባበታል። ዝም ብሎ ለቆመ ሰው ጆሮው የሚቀጥለውን ጠብታ መጠበቅ ይጀምራል፤ አንዱ ይወድቃል፣ ይዘገያል፣ ሌላው ይወድቃል። ነአኩቶ ለአብ የቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ ነው፤ ከመጨረሻዎቹ የዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ሲሆን ስሙም «አብን እናመስግነው» ማለት ነው። የዙፋኑን ቅደም ተከተል በተመለከተ ትውፊቱም የታሪክ ጸሐፊዎቹም አይስማሙም። የአካባቢው ሰው የሚያስታውሰው ግን ዙፋኑን አይደለም፤ የክርስቶስን ሕማም እያሰበ ያለቅስ እንደነበርና አለቱም እስከ ዛሬ እንደሚያነባ ነው የሚነገረው።

አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቆመኝ ይችላል። በትውፊቱ መሠረት ነአኩቶ ለአብ አልሞተም፤ ተሰውሯል። በዓሉም ኅዳር 3 ቀን ይከበራል። ሞትን ያላየ ጻድቅ ቦታ ስለ ሞት ምን ሊነግረን ይችላል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው እንባው ውስጥ ይመስለኛል። ንጉሡ የሚያለቅሰው በሌላ ሰው ሞት ነው፤ ግን እንደ ለቀስተኛ ከውጭ ሆኖ አያለቅስም። የሕማማት ትረካ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰሚው የሚጠየቀው «ምን ደረሰበት?» ብቻ አይደለም፤ «የእኔ እጅ የት አለበት?» ተብሎ ይጠየቃል። ሰሙነ ሕማማትን ሙሉ በስግደት የሚያሳልፍ ሰው የሚሰግደው ለዚህ ጥያቄ ነው። የነአኩቶ ለአብ እንባ ሞትን አይቶ ወደ ራስ የዞረ እንባ ነው። ቅድስናው የተነገረለት ንጉሥ እንዲህ ራሱን መጠየቁ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል፤ ሥልጣን ያለው ሰው በደልን በሌሎች ላይ መቁጠር ይቀለዋልና።

የንጉሥ ላሊበላ ትውፊትም የሚጀምረው ከሞት ደጃፍ ነው። ገድሉ እንደሚተርከው ዘመዶቹ በመጠጥ መርዝ አዘጋጁለት፤ አስቀድሞ የቀመሰው ዲያቆን ወድቆ ሞተ፤ ላሊበላም ስለ እርሱ የሞተውን አይቶ ጽዋውን ራሱ ጠጣው። ሦስት ቀን እንደ ሙት ተኛ፤ በእነዚያ ቀናት አብያተ ክርስቲያናቱን በሰማይ እንዳየና እንዲያንጽ እንደታዘዘ ይነገራል። ይህን እንደ ታሪክ ሰነድ አላቀርበውም፤ ነገር ግን ሕዝቡ 11 አብያተ ክርስቲያናትን ያስገኘው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ የድል ወይም የሀብት ታሪክ ሳይነግር የሦስት ቀን ሞት ነገረን። ሕንፃዎቹም ያንን ይዘዋል። በአንደኛው ክፍል መግቢያ መቃብረ አዳም የሚባል አለት አለ። በምሥራቁ ክፍል ደግሞ የሲኦል ምሳሌ የሚሉት ጨለማ መተላለፊያ አለ፤ ተሳላሚው መብራት ሳይዝ አንዱን እጁን ከግድግዳው ሳያላቅቅ፣ ሌላውን አለቱ ግንባሩን እንዳይመታው ከፍ አድርጎ ይሄዳል። ጨለማው ውስጥ ከራስ ትንፋሽና ከራስ እጅ በቀር የሚታወቅ ነገር የለም። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻ ውስጥ ካነጸው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ደግሞ የብዙ ሰዎች አጽም ተነባብሮ ይታያል፤ አንዳንዱ ቆዳው ደርቆ ከአጥንቱ ጋር ቀርቷል። ከሩቅ መጥተው እዚያ ማረፍን የመረጡ ተሳላሚዎች ናቸው ይባላል። በጥቁርና ነጭ መስመር ከእንጨትና ከድንጋይ የተሠራውን ያማረ ግድግዳ የሚያደንቅ ሁሉ ጥቂት እርምጃ ሲጨምር ከእነሱ ጋር ይገናኛል። ማንም አልሸሸጋቸውም።

ገዳማት ሞትን አይቶ ራስን የመመርመሩን ነገር እስከ መጨረሻው ወስደውታል። ሰው ሲመነኩስ በቁሙ ሳለ የሙት ጸሎት ይደርስበታል፤ ለዓለም ሞተ ይባላልና። ከዚያ ቀን በኋላ የሚጠብቀው ግን መቃብር ሳይሆን የመጻሕፍተ መነኮሳት ትምህርት ነው፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ። በ7ኛው መቶ ዓመት የነነዌ ጳጳስ የነበረው ይስሐቅ ኃጢአቱን ለይቶ የሚያይ ሰው ሙታንን ከሚያስነሣ እንደሚበልጥ አስተምሯል። አስተውሉ፤ መጀመሪያ ሞቱ ይታወጃል፣ ከዚያ ራስን የማየት ትምህርት ይከተላል። አንዱ ያለ ሌላው አልተሰጠም።

ሞትን ማሰብ ሰውን ያጠነክራል ወይስ ያደነድናል የሚለውን ሳይንስም ጠይቆታል፤ ከዚያ በኩል የሚመጣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። አሜሪካዊው ኧርነስት ቤከር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው ሞቱን ለመካድ ነው ብሎ ተከራከረ፤ በዓመቱ ራሱ በካንሰር በ49 ዓመቱ አረፈ። ሐሳቡን የተከተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ጥናት በአሪዞና ቱሳን ከተማ 22 ዳኞችን ፈተኑ። ስለ ሞታቸው ጥቂት እንዲጽፉ የተደረጉት ዳኞች በሴተኛ አዳሪነት ለተከሰሰች ሴት የወሰኑት የዋስትና ገንዘብ በአማካይ 455 ዶላር ሆነ፤ ያልተጠየቁት 50 ዶላር ወሰኑ። ሞትን ጨረፍ አድርጎ ማስታወስ ዳኛውን ሩኅሩኅ አላደረገውም፤ ጨካኝ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2004 ፊሊፕ ኮዞሊኖና ባልደረቦቹ ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ሞከሩት። ተሳታፊዎቹ በእሳት ቃጠሎ ሲሞቱ ዘርዝረው እንዲያስቡ፣ ከዚያም የኖሩትን ሕይወት መለስ ብለው እንዲያዩ፣ ቤተሰቦቻቸውንም እንዲያስቡ ጠየቋቸው። ለገንዘብና ለዝና የሚሳሱት ሰዎች ከዚያ በኋላ ስስታቸው ቀነሰ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያው ሞት ብቻውን መጣ፣ በሁለተኛው ሞት ራስን ከማየት ጋር ተጋጥሞ መጣ። ጥንቃቄ ደግሞ አይጎዳም፤ ከቤከር ሐሳብ ከተነሣው ንድፈ ሐሳብ የወጣ አንድ ታዋቂ ሙከራ በ21 ላቦራቶሪዎች ሲደገም ውጤቱ እንዳልታየ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ስለዚህ ጥናቶቹን እንደ ፍንጭ እይዛቸዋለሁ፤ ክርክሬን የማሳርፈው በእነሱ ላይ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ራስን ስለ መመርመር ነው። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ጥፋቱን የሚያመነዥግ ሰው ራሱን አያውቅም እንዴ? ያውቃል፤ ግን ይታመማል። እ.ኤ.አ. በ1999 ትራፕኔልና ካምቤል የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች በማብሰልሰልና በማስተዋል መካከል ያለውን ልዩነት ለይተው አሳይተዋል፤ አንደኛው ከፍርሃት ይነሣል፣ ሌላው ለማወቅ ከመፈለግ። የነፍስ አባት ሥርዓት ይህን ችግር አስቀድሞ የተረዳው ይመስለኛል። ተናዛዡ ለሌላ ሰው ጆሮ ይናገራል፤ የተናገረው መጨረሻ አለው፤ ቀኖና ይሰጠዋል፤ ከዚያ ይፈታል። ሐሳቡ ጭንቅላት ውስጥ እንዲዞር አይተውም። በዚህ ላይ የሞት ቀጠሮ ሲጨመርበት ምርመራው ዘላለም የሚቀጥል ጨዋታ መሆኑ ይቀራል። በሬ የተዋሰ ሰው ለመመለስ ሃምሳ ዓመት እንደሌለው ካወቀ ነገ ጠዋት ይመልሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ላስታ ካለበት ከራሱ ከወሎ የሚነሣው ነው። በ1966ቱና በ1977ቱ ረኃብ ስንት ሰው እንደቀበረ፣ በ2013 ማብቂያና በ2014 መጀመሪያ ላሊበላ ራሷ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ምን እንዳየ እያወቅን ለዚህ ሕዝብ ሞትን አስብ ይባላል? አይባልም። ለተራበ ሰው የሚሰጠው እህል ነው፤ በእህል ፈንታ ስብከት መስጠት በደል ነው። ማዳን የሚቻለውን ሞት የመንፈስ መምህር ማድረግም አይገባም። ነገር ግን እነዚያ ዓመታት ሌላም ነገር ያሳያሉ። በ1966ቱ ረኃብ ባለሥልጣናቱ ሞቱን ደበቁ፤ ዓለም ያወቀው ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በብሪታንያ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። በ1977ቱም ወሎ እየተራበ መስከረም ላይ አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት አከበረች። ሞትን ማየት እምቢ ያሉት የሚሞቱት አልነበሩም፤ ማየት የነበረባቸው፣ ዕዳቸውንም መቁጠር የነበረባቸው በዙፋንና በወንበር የተቀመጡት ነበሩ። የነአኩቶ ለአብ የእንባ ትረካ ስለ ንጉሥ መሆኑ በከንቱ አይመስለኝም።

ያው መደበቅ በየቤታችን አለ። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት በኮሪደር ላይ ለታላቅ ልጅ ይነግራል፤ ልጁ እንባውን ጠርጎ ወደ አባቱ ተመልሶ «ጨጓራ ነው አሉ» ይላል። ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል፤ ሰውየው ብቻ አያውቅም። ከዚያ የማናዘገየው ነገር የለም። ሲሞት ግን በሠልስቱ፣ በአርባው፣ በሙት ዓመቱ ተስካር ለማውጣት እንበደራለን። ለምን እንደደበቅነው ስንጠየቅ የምንሰጠው መልስ ሁሌ አንድ ነው፤ ቢሰማ ተስፋ ይቆርጣል። ሥጋቱን አልንቀውም፤ በክፉ ቀን ባልተገባ ሰው አፍ የተነገረ ውጤት የሚሰብረው ሰው አለ። ግን ሕመምተኛው ከሐኪሙ ቀድሞ ከሰውነቱ ሰምቷል፤ ብቻውን እንዲያውቅ ነው የፈረድንበት። እንዴት እንደሚነገር ደግሞ ከሌላ መማር አያስፈልገንም። መርዶ እንዴት ይነገራል? በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየው ብቻውን ሳይሆን፣ የሚናገረውም የተከበረ ሽማግሌ ሆኖ ነው። ያ ሥርዓት ሕይወት ላለው ሰው ቢደረግለት የነፍስ አባቱ በሰዓቱ ይጠራል፤ የተዋሰው ብር ይመለሳል፤ ልጆቹ የማያውቁት ወሰን የት እንደሆነ ይነገራቸዋል። በመሬት ክርክር ስድስት ዓመት ያላነጋገረው ወንድሙም በጊዜ ይጠራል፤ ዋድላ ወረዳ ከሆነ መኪና ጠብቆ ለመድረስ ቢያንስ አንድ ቀን ያስፈልገዋል።