የአስፋልት ሬንጅ በቤተ ሙከራ እንዴት ይፈተናል?

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን በሚወጣው መንገድ የተጓዘ ሰው ሁለት ነገሮችን ያስተውላል፤ የቆላውን ሙቀት እና ዳገቱን እያቃሰቱ የሚወጡ ባለተሳቢ ተሽከርካሪዎችን። አስፋልትን የሚጎዳውም የእነዚህ የሁለቱ መገጣጠም ነው። ጠጠሩን አያይዞ የሚይዘው ሬንጅ በፀሐይ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ተሽከርካሪው ዝግ ባለ ቁጥር ደግሞ ጫናው ረዘም ላለ ጊዜ ያርፍበታል። ያን ጊዜ መንገዱ በጎማ መሥመር እየሰረጎደ ቦይ ይሠራል፤ በክረምትም ውኃ ይተኛበታል። ማዳበሪያው ለገበሬው፣ እህሉም ለከተማው ነዋሪ የሚደርሰው በዚሁ መንገድ ነው።

ለዚህ ችግር ከሚሰጡት መፍትሔዎች አንዱ በሬንጁ ላይ ፖሊመር መጨመር ነው። በብዛት የሚታወቀው ኤስ ቢ ኤስ የተባለው የጎማ ጠባይ ያለው ፖሊመር ሲኾን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሬንጁ ክብደት ከ3 እስከ 5 በመቶ ይጨመራል። 180 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ሲዋሐድ በሬንጁ ውስጥ እንደ መረብ ይዘረጋል። ይሁን እንጂ የተሻሻለውም ያልተሻሻለውም ሬንጅ ለዐይን ያው ጥቁር ነው፤ የሚለየው ቤተ ሙከራ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ 100 ግራም ጫና ያረፈበት መርፌ በ25 ዲግሪ ሙቀት ለ5 ሰከንድ ሬንጁ ላይ ይለቀቃል። 60/70 የሚባለው መደበኛ ሬንጅ መጠሪያውን ያገኘው ከዚህ ነው፤ መርፌው ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይሰምጥበታል። ቀጥሎ ሬንጅ በተሞላ ቀለበት ላይ 3 ነጥብ 5 ግራም የምትመዝን የብረት ኳስ ትቀመጣለች። ሙቀቱ በደቂቃ 5 ዲግሪ እየጨመረ ሲሄድ፣ ኳሷ ሬንጁን ይዛ 25 ሚሊ ሜትር የወረደችበት ሙቀት ይመዘገባል። መደበኛው ሬንጅ 50 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይለሰልሳል፤ በጠራራ ፀሐይ የአስፋልት ገጽ ከ60 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል።

እነዚህ ሁለት ፈተናዎች ግን በቂ አይደሉም። ፖሊመር ሳይጨመርበት አየር እየተነፋበት የጠነከረ ሬንጅም ኳሷን ይቋቋማል፤ ነገር ግን በደጋ ብርድ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ዋናው ፈተና የመለጠጥ ፈተና ነው። ናሙናው በ25 ዲግሪ ሙቀት በደቂቃ 5 ሴንቲ ሜትር እየተሳበ ከተለጠጠ በኋላ መሐሉ ላይ በመቀስ ይቆረጣል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም ምን ያህል እንደተሰበሰበ ይለካል። በሚገባ የተሻሻለው አብዛኛውን ርዝመት ይመልሳል፤ መደበኛው እንደተለጠጠ ይቀራል። ቸል የማይባል ፈተና ነው፤ ተጨምሯል የተባለው ፖሊመር በርግጥ ሥራውን መሥራቱን የሚያሳየው ይኸው ነውና።

ሌላው የሚፈተነው የክምችት ጠባዩ ነው። ፖሊመሩ ከሬንጁ ስለሚቀል ሳይማሰል በትኩሱ ከቆየ ወደ ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። ናሙናው በቆመ ቱቦ ውስጥ በ163 ዲግሪ ለ48 ሰዓታት ቆይቶ የላይኛውና የታችኛው ክፍል ለየብቻ በኳስ ይፈተናሉ። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት ከታየ ሬንጁ ተለያይቷል ማለት ነው። በፋብሪካ ያለፈ ሬንጅ መንገዱ በሚሠራበት ቦታ ከማጠራቀሚያው እንደገና ናሙና የሚወሰድበት ምክንያትም ይኸው ነው።